ከአሥራት እስከ ቀን ገቢ፦ የባለእጁ ወጪ ታሪክ

አሥራት ከአውድማ ከገባው እህል ከአሥር አንዱ ነበር። ገበሬው ለዘር ያዋለው፣ በሬ ለመከራየት የከፈለው፣ ለደቦ ያበላው እንጀራና ያጠጣው ጠላ አይታሰብለትም። አሥር ቁና ያፈሰ አንዱን ቁና ያገባል፤ አሥሩን ለማፈስ ስንት እንዳወጣ የሚጠይቀው የለም። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ይህን ሲደነግጉ ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነበር። ከዚያ በፊት ወታደር በየጎጆው እየተመራ ያገኘውን ያህል ይበላ ስለነበር፣ ልኩ የታወቀ ግብር መምጣቱ ራሱ ፍትሕ ነው። ወጪን ከገቢ ላይ ቀንሶ በቀረው ላይ ብቻ ግብር መጠየቅ ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። በቅርብ የማውቀው አውድማውን ሳይሆን የባለእጁን መሥሪያ ቦታ ነው፤ የብረት በርና መስኮት የሚበይዱትን፣ አልጋና ቁም ሣጥን የሚሠሩትን፣ ልብስ የሚሰፉትን። መዝገብ ያላቸውን መዝገባቸውን እይዛለሁ፤ መዝገብ የሌላቸውንም ሐምሌ ሲገባ ወረቀታቸውን እሞላለሁ። በዚህ ሥራ ላይ ብዙ ሐምሌዎች አልፈውብኛል። ከሁሉም አፍ የምሰማው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ወጪዬስ?» ይላሉ። ብረት የገዛሁበት፣ ቤት የተከራየሁበት፣ ረዳቴን ያበላሁበትስ የት ገባ? ጥያቄው ያረጀ ጥያቄ ነው። መልሱ በሕጋችን ላይ ከተጻፈ ከስድሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ለባለእጁ ያልደረሰበትን ምክንያት ግን ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዶ ካላዩት አይታወቅም።

የጥንቱ ባለእጅ በሥራው ይገብር ነበር። ሸማኔው ሸማ፣ ቀጥቃጩ ማረሻና ማጭድ፣ ፋቂው ቆዳ ለገዥው ያገባል። ጥጡን ያባዘተችውና የፈተለችው ሴት፣ ለከሰል የተቆረጠው እንጨት፣ ወናፉን ሲነፋ የዋለው ልጅ በሂሳቡ ውስጥ የሉም። በብዙ አገር ባለእጅ ርስት ስላልነበረው መከራከሪያ የሚሆነው መሬትም ዘመድም አልነበረውም። ሕዝቡ በሠራለት ማረሻ እያረሰ ጠይብ እያለ ይሰድበዋል፤ በሸመነለት ሸማ እያጌጠ ቁጢት በጣሽ ይለዋል። ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ እስከማስነገር የደረሱት ነገሩ ከልክ አልፎ ስለነበር ነው። ያን አዋጅ ሁልጊዜ በአክብሮት አስበዋለሁ። ለባለእጁ ስሙን መለሰለት። ሂሳቡን የሚያይለት ግን ገና አልመጣም።

በዚያው በ1900 ሚኒስትሮች ተሾሙ፤ በጅሮንድ ሙሉጌታ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ገበያው ግን በነጋድራሱ እጅ ነበር። ነጋድራስ ቀረጡን ይሰበስባል፣ ነጋዴና ነጋዴ ሲጣላ ይዳኛል። ከነጋድራሶቹ አንዱ፣ የድሬዳዋው ገብረሕይወት ባይከዳኝ፣ አገሪቱ ግብርና ቀረጥ እንዴት ብትሰበስብ እንደሚሻላት በጥልቀት አስቦ የጻፈ ሰው ነው። «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የታተመለት ከሞተ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ነው። ዕቃ ከአንድ አውራጃ ወደ ሌላው ባለፈ ቁጥር በየኬላው የሚከፈለው ቀረጥ ሠሪውንም ነጋዴውንም እንደሚያደኸይ አምርሮ ተናገረ። ኬላ የሚያየው ያለፈውን ዕቃ ብቻ ነው። ባለቤቱ አተረፈበት ወይስ ከሰረበት የሚለውን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይችልም።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ መንግሥት ገንዘብ በጣም ያስፈልገው ነበር። መሬቱ ለም፣ ለም-ጠፍ እና ጠፍ ተብሎ በሦስት ተመደበ። በ1936 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 60 የግልና የንግድ ሥራ ግብርን አመጣ። ከተማ ውስጥ ደመወዝተኛውም ነጋዴውም በገንዘብ ሚኒስቴር መዝገብ ውስጥ የገባው ከዚህ ወዲህ ነው።

ለኔ ትልቁ ነገር የተሠራው በ1952 እና በ1953 ነው። ሁለት ሕጎች በአንድ ዓመት ልዩነት ወጡ፤ ስለ ባለእጁ የተናገሩት ግን አልገጠመም።

በፈረንሳዊው ሊቅ ዣን ኤስካራ የተጀመረው የ1952ቱ የንግድ ሕግ በገዛ እጁ ሥራ የሚኖረውን ባለሙያ ነጋዴ አላለውም። አነስተኛ ነጋዴዎችንም የሂሳብ መዝገብ ከመያዝ ግዴታ ነፃ አወጣ። አሳቡ ርኅራኄ ያለበት ነው። አንድ ጫማ ሠሪ መዶሻውን አስቀምጦ ገቢና ወጪ ሲያመዛዝን እንዲውል ማስገደድ አይገባም ነው ነገሩ። በተከታዩ ዓመት አዋጅ ቁጥር 173/1953 መጣ። ይህ የገቢ ግብር አዋጅ ደመወዝን፣ ኪራይንና የንግድ ሥራን ለየብቻ በሠንጠረዥ ከፍሎ፣ በንግድ ሥራ ረገድ ግብሩ የሚጣለው ገቢውን ለማግኘት የወጣው ወጪ ከተቀነሰ በኋላ በቀረው ላይ እንደሆነ ደነገገ። ገበሬው ለአሥራት ያላገኘው ነገር እዚህ ላይ በግልጽ ተጻፈ፤ የዕቃ ግዢ ይቀነሳል፣ ደመወዝ ይቀነሳል፣ የመሣሪያ እርጅና ይቀነሳል። ግን ይህ ሁሉ መዝገብ ላለው ነው። መዝገብ ያልያዘውን ወይም መዝገቡ ያልታመነለትን ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት ገምቶ እንዲወስንበት ሥልጣን ተሰጠው።

ሁለቱን ሕጎች አጋጥሞ ያነበበ ሰው ያዝናል። አንዱ ለባለእጁ መዝገብ አያስፈልግህም አለው። ሌላው መዝገብ ከሌለህ ወጪ የለህም አለው። በመካከላቸው ገማች ገባ። ያ የ1953 አዋጅ እየተሻሻለ እስከ 1994 ድረስ 41 ዓመት ሠርቷል። ሁለት ትውልድ ባለእጅ በዚህ ሥር ኖሯል።

አባቴ ከእነዚያ አንዱ ነበር። መርካቶ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር፤ በእግር የምትረገጥ ሲንጀር ነበረችው። ከማሽኑ ሥር በሚገኘው መሳቢያ ውስጥ የትምህርት ቤት ደብተር ያስቀምጥ ነበር፤ እኔ ሂሳብ የተማርኩት ከኮሌጅ በፊት ከዚያ ደብተር ነው። በግራው ገጽ የደንበኛው ስም፣ የወገቡ፣ የደረቱና የእጅጌው ልክ፣ የሰጠው ቀብድ፣ የሚወስድበት ቀን ይጻፋል። በቀኙ ገጽ ያወጣው ወጪ አለ፤ ክር፣ አዝራር፣ ገበር፣ ዚፕ፣ ጠመኔ፣ የማሽን ዘይት፣ ለካውያው ከሰል። ገጹ ሲያልቅ ከታች ሁለቱን ደምሮ የቀረውን በቀይ እስክሪብቶ ያሰፍራል። አባቴ ሦስተኛ ክፍል ብቻ ነው የተማረው። ያ ደብተር ግን የገቢ መግለጫ ነበር፤ አሁን ለሌሎች የምሠራው ሂሳብ ከዚያ የሚለየው በቅጹ ብቻ ነው።

ገማቾቹ ሲመጡ ያንን ደብተር አውጥቶ አሳያቸው። አልተመለከቱትም። ማኅተም የለውም፣ ከደረሰኝ ጋር አልተያያዘም፣ ማንም ሊጽፈው ይችላል አሉት። ከዚያ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩና ማሽን ቆጠሩ። ሁለት ማሽን አሉ። አንደኛዋ ከተሰበረች ሰንብታ መለዋወጫ የሚፈታባት ነበረች፤ እሷም ተቆጠረች። ሱቁ ከመንገድ ዳር ነው ወይስ ከውስጥ ነው? ከዳር ነው። ተንጠልጥሎ የሚታይ ልብስ ስንት ነው? የተንጠለጠለው የደንበኛ ልብስ ነው፤ ጨርቁንም ደንበኛው ነው ያመጣው። ይህን ማስረዳት ይቻላል፤ ማሳመን ግን አይቻልም። ቁርጥ ግብሩ ተጻፈለት። አባቴ ቅሬታ አቀረበ፤ ጥቂት ተቀነሰለት። የተቀነሰለት ግን ወጪው ታይቶ አልነበረም። ስላመለከተ ብቻ ነው። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። አንድ ሰው የለመነ ስለሆነ ሲቀነስለትና ወጪው የተረጋገጠ ስለሆነ ሲቀነስለት የብሩ መጠን እኩል ሊሆን ይችላል፤ ክብሩ ግን እኩል አይደለም።

ገማች ለገበሬውም አዲስ አልነበረም። አሥራት በገንዘብ ከተለወጠም በኋላ እህሉ ገና በማሳው ላይ ሳለ መጥቶ ይህን ያህል ይወጣዋል የሚል ሰው ነበር፤ ለእሱ ጠላ መጥመቅ፣ በግ ማረድ የገበሬው ተጨማሪ ዕዳ ነበር። አሥራት በ1960 ዓ.ም. በወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር ሲተካ ከታሰቡት ጥቅሞች አንዱ ግብሩ ከጠቅላላ ምርት ወጥቶ ወደ ተጣራ ገቢ መጠጋቱ ነበር። ባለመሬቶች በፓርላማም በየአውራጃውም ተቃወሙት። በጎጃም ሕዝቡ ልኬትና ምዝገባ መሬቱን የሚያስወስድበት መስሎት ጠመንጃ እስከ ማንሣት ደረሰ። ከዚያ ያተረፍነው ትምህርት ቢኖር፣ ግብር ከፋይ ስሌቱን ካልተረዳው ጥሩ የታሰበ ሕግም እንደ ዘረፋ እንደሚታይ ነው።

የደርግን ዘመን በአጭሩ ልለፈው፤ ስለ ወጪ ቅናሽ የሚነገር ብዙ የለውምና። የግል ባለሀብት ካፒታል ተገደበ፤ ባለእጆች በኅብረት ሥራ ማኅበር እንዲደራጁ ተገፋፉ። በ1969 የእደ ጥበብና አነስተኛ ኢንዱስትሪዎች ልማት ድርጅት ተቋቋመ። የገቢ ግብሩ ከፍተኛ ጣሪያ እስከ 89 በመቶ ደረሰ። እዚያ ጣሪያ የሚደርስ ልብስ ሰፊ አልነበረም። ሆኖም ቁጥሩ የመንፈሱ ምልክት ነበር፤ በግል ሠርቶ ያተረፈ ሰው በጥርጣሬ ይታይ ነበር። በጥርጣሬ የሚታይ ሰው ደግሞ ወጪውን ቢናገር የሚያምነው የለም። ከ1983 በኋላ ጣሪያው ደረጃ በደረጃ ወርዶ በ1994 35 በመቶ ላይ ቆመ።

አዋጅ ቁጥር 286/1994 ለኔ ትውልድ የሂሳብ ሠራተኞች የዕለት መጽሐፋችን ነበር። ግብር ከፋዩን ደረጃ ሀ፣ ለ እና ሐ ብሎ ከፈለ። ዓመታዊ ሽያጩ ከ500,000 ብር በላይ የሆነ ሀ፣ ከ100,000 በላይ እስከ 500,000 ያለው ለ፣ እስከ 100,000 ያለው ሐ። ሀ እና ለ መዝገብ ይይዙ ነበር፤ ወጪያቸውም ይቀነስላቸው ነበር። ሐ መዝገብ አይዝም ነበር፤ ሽያጩ ይገመትና ከየሥራው ዘርፍ ጋር በተዛመደ ሠንጠረዥ ቁርጥ ግብሩን ይከፍል ነበር። በ2008 የወጣው አዋጅ ቁጥር 979 እና በ2009 የወጣው ደንብ ቁጥር 410 ይህንኑ አጽንተው ድንበሩን አሰፉት፤ ሐ ከ500,000 ብር በታች፣ ለ ከዚያ እስከ 1,000,000፣ ሀ ከዚያ በላይ ሆነ። በሐምሌ ሐ፣ እስከ ነሐሴ 30 ለ፣ እስከ ጥቅምት 30 ሀ ይከፍል ነበር።

የአዋጅ 979 አንቀጽ 22 የንግድ ሥራ ገቢን ለማግኘት አስፈላጊ የሆነ ወጪ ተቀናሽ እንደሚሆን ይናገራል። አንቀጽ 27 ደግሞ የማይቀነሱትን ይዘረዝራል፤ የግል ፍጆታ፣ ቅጣት፣ መዝናኛ እና የመሳሰሉትን። እንደ ሕግ ጥሩ ሕግ ነው፤ እኔም በእሱ ብዙ ሰው ረድቼበታለሁ። ነገር ግን በዚያ ዘመን አንድ የብረት ሥራ ባለሙያ ወደ ደረጃ ለ ሲያድግና ለመጀመሪያ ጊዜ ወጪውን ይዞ ሲመጣ ምን ይሆን እንደነበር ልንገራችሁ።

ፌስታል ይዞ ይመጣል። ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ እዘረግፈዋለሁ። የላሜራና የቱቦላሬው ደረሰኝ ከማሽን የወጣ ነው፤ ስሙና የግብር ከፋይ መለያ (ቲን) ቁጥሩ አለበት፤ ይህ ያልፋል። የኤሌክትሮድና የዲስኩ ደረሰኝ የእጅ በእጅ ሽያጭ ይላል፤ የገዢው ስም ግን የለበትም፤ ይህ ያከራክራል። ከመርካቶው ምናለሽ ተራ የገዛው ያገለገለ ብረት ደረሰኝ የለውም፤ ሻጩም ንግድ ፈቃድ የለውም። ብረቱን በጋሪ ያመጣለት ልጅ፣ ያወረዱት ጫኝና አውራጆች፣ በሩን ግድግዳ ላይ ለመትከል ለአንድ ቀን የቀጠረው ግንበኛ ደረሰኝ አይሰጡም። ከሁሉ የሚከፋው የቤት ኪራዩ ነው። አከራዩ በውሉ ላይ ከሚቀበለው ያነሰ ብር ያስጽፋል፤ ልዩነቱን በእጁ ይቀበላል። ተከራዩ እምቢ ካለ ይለቃል። ስለዚህ የአከራዩ ገቢ በወረቀት ሲያንስ የተከራዩም ወጪ አብሮ ያንሳል፤ በአከራዩ ላይ ያልተጣለው ግብር በባለእጁ ላይ ይጣላል ማለት ነው።

አንድ አናጺ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አዛውንት፣ አንድ ጊዜ ያላለፉትን ወረቀቶች በጣታቸው እየነኩ፣ «ልጄ፣ ይሄኛውስ ውሸት ነው? ይሄኛውስ?» አሉኝ። አንዱም ውሸት አልነበረም። ጣውላው ተገዝቷል፣ ሙጫው ፈስሷል፣ ልጆቹ ደመወዛቸውን ወስደዋል። ሁሉም እውነት ሆኖ ሳለ ግማሹን ከሂሳቡ ማስወጣት ነበረብኝ።

ሌላም አለ። የራሱ የባለእጁ ጉልበት ወጪ ተብሎ አይጻፍም። ሠራተኛ ቢቀጥር ደመወዙ ይቀነሳል፤ ራሱ ከጠዋት እስከ ማታ ሲበይድ ቢውል ያ ድካም ትርፍ ይባላል። በሕጉ ውስጥ ለዚህ ያለው መልስ ግብር የማይከፈልበት የመጀመሪያው ገቢ ብቻ ነው። በ1994ቱ አዋጅ ይህ በዓመት 1,800 ብር ነበር፤ በ2008ቱ 7,200 ብር ሆነ። 7,200 ለ12 ወር ሲካፈል በወር 600 ብር ነው። የ60,000 ብር የተጣራ ትርፍ ያስመዘገበ ባለእጅ በ2008ቱ የ979 ሠንጠረዥ ሲሰላ 8,370 ብር ይከፍል ነበር። ለእውነተኛ ትርፍ ይህ የሚከፈል ግብር ነው፤ ብዙዎቹ ሳያጉረመርሙ ሲከፍሉት አይቻለሁ። የሚያስለቅሳቸው 60,000 ያልሆነው 60,000 ሲባልባቸው ነው።

ሐምሌ 2009 ይህ ሁሉ የተጠራቀመ ነገር አደባባይ ወጣ። ከዓመታት በኋላ የደረጃ ሐ ግብር ከፋዮች የቀን ገቢ አዲስ ተገመተ። ገማቾች በየሱቁና በየመሥሪያ ቦታው ገቡ፤ ውጤቱም በየወረዳው ተነገረ። በአምቦና በወሊሶ ሱቆች ተዘጉ፤ አዲስ አበባም ውስጥ እንዲሁ። መንግሥት የተገመተው ሽያጭ እንጂ ትርፍ አይደለም፣ ግብሩም በዚያ ሁሉ ላይ አይደለም የሚከፈለው እያለ አስረዳ። እውነቱን ነበር። ወጪው በሠንጠረዡ ውስጥ አስቀድሞ ታስቦለታል። ግን ባለእጁ አያየውም። «የቀን ገቢህ 2,000 ብር ነው» የሚል ወረቀት የተሰጠው ሰው የሚያየው 2,000ውን ነው፤ ከዚያ ውስጥ 1,700ው የብረት ሻጩ፣ የአከራዩና የመብራቱ መሆኑን የሚናገር መስመር ወረቀቱ ላይ የለም። በዚያ ሰሞን በየቀኑ የሠራሁት ሥራ ሠንጠረዡን እያወጡ ለሰዎች ማሳየት ነበር። ብዙዎቹ ሲገባቸው ይረጋጋሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ ገብቷቸውም አይረጋጉም፤ ግምቱ ራሱ ከእውነት የራቀ ነበርና።

አሁን ብዙ ሰው ሳያስተውል ያለፈውን አንድ ነገር ላንሣ። ሕጋችን ደረሰኝ ለሌለው ሰው ወጪ ማሰብ አያውቅም እንዳይባል፣ ያውቃል። በ1994ቱ አዋጅ ቤት የሚያከራይ ሰው መዝገብ ባይኖረው እንኳ ከኪራይ ገቢው አንድ አምስተኛው ለጥገናና ለእርጅና ይቀነስለት ነበር። በ2008ቱ አዋጅ ይህ ወደ ግማሽ አደገ። አከራዩ አንድ ደረሰኝ ሳያቀርብ ከገቢው 50 በመቶው ወጪ ነው ተብሎ ታምኗል፤ በአዋጁ ላይ በግልጽ ተጽፎ፣ ማንም ማስላት በሚችለው ልክ። ቤቱ ያው ቆሞ ነው፤ ከግድግዳው ጋር የሚሄድ ጥሬ ዕቃ የለም። የብረት በር የሚሠራው ሰው ግን ከሸጠው ከግማሽ በላዩ ብረት ነው፤ ለእሱ እንዲህ ያለ መስመር በአዋጅ አልተጻፈለትም። ይህን ሳስብ ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ክፉ ነበሩ አልልም። አከራይ ሆኖ የማያውቅ ባለሥልጣን ጥቂት ነው፤ ብየዳ የበየደ ደግሞ እምብዛም የለም ብዬ ግን አምናለሁ።

በ2017 የወጣው የማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395 ደረጃ ሐን አስቀረ። አሁን ያሉት ሀ እና ለ ብቻ ናቸው። ዓመታዊ ሽያጩ ከ2,000,000 ብር በታች የሆነ ግለሰብ ለ ሆነ፤ ግብሩንም በጠቅላላ ሽያጩ ላይ በሚሰላ መቶኛ ይከፍላል። መቶኛው ትንሽ ነው፤ ስሌቱም ቀላል ነው። ቀላልነቱን አልንቅም፤ ገማች ማሽን ሲቆጥር ላየች ልጅ ቀላል ስሌት ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ግብሩ ተመልሶ በጠቅላላው ላይ መጣሉን፣ ከአሥራቱ አውድማ ጋር በመሠረቱ አንድ መሆኑን ማየት ያስፈልጋል።

በቁጥር ላሳይ፤ ቁጥሩን ለምሳሌ ያበጀሁት እኔ ነኝ። አንድ ባለሙያ የብረት በር ሠርቶ በ20,000 ብር ይሸጣል እንበል። ላሜራና ቱቦላሬ 12,000፣ ኤሌክትሮድና ዲስክ 900፣ ቀለም፣ ማጠፊያና ቁልፍ 2,100፣ የኪራይና የመብራት ድርሻ 1,500፣ ለረዳቱ 1,500። ወጪው 18,000 ነው፤ የቀረው 2,000 ብር። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቁን ደንበኞቿ ያመጣሉ። እሷም በስፌት ዋጋ 20,000 ብር ሰበሰበች። ክር፣ አዝራር፣ ገበር፣ መብራት፣ ኪራይና ረዳት ተደምረው 8,000 ወጣባት፤ 12,000 ቀራት። በጠቅላላ ሽያጭ ሲሰላ ሁለቱ እኩል ይከፍላሉ። ግብሩ 5 በመቶ ቢሆን ሁለቱም 1,000 ብር ነው፤ ለሰፊዋ ከቀራት ከአሥራ ሁለት አንድ፣ ለበያጁ ግን ከቀረው ግማሹ። ጥሬ ዕቃ በራሱ ገንዘብ የሚገዛው ሰው፣ የሰው ጨርቅ ተቀብሎ ከሚሠራው ይበልጥ ይጎዳል። የሽሮ ሜዳው ሸማኔም ድሩንና ማጉን በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ስለሆነ ከበያጁ ወገን ነው። የቀድሞው የደረጃ ሐ ሠንጠረዥ ጉድለቱ ብዙ ቢሆንም ሥራን ከሥራ ለይቶ ያይ ነበር። እሱን ስንተወው ያንን ማየት አብረን መተው አልነበረብንም።

ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው። የግብር ደንብና መመሪያ የምታወጡ፣ ጥሬ ዕቃ በራሱ ገንዘብ እየገዛ ለሚሠራ ባለእጅ፣ ደረሰኝ ባይኖረውም፣ ለጥሬ ዕቃ የሚታሰብ ቁርጥ ቅናሽ በሕጉ ላይ ጻፉለት። ስንት በመቶ ይሁን የሚለውን ብየዳ ቤት፣ አናጺ ቤትና ሽመና ቤት ገብታችሁ አይታችሁ ወስኑ። ለአከራይ በ1994 አንድ አምስተኛ፣ በ2008 ግማሽ ተጽፎለታል። እናንተ ባለእጆች ደግሞ ደብተሩን አትተዉት። የገዛችሁትን ብረት፣ ጣውላና ክር በቀኑ ጻፉ፤ ደረሰኝ የሚሰጠውን ሻጭ ምረጡ፣ ስማችሁንና ቲን ቁጥራችሁን አስጽፉበት። ረቂቅ ሕግ ለውይይት ሲቀርብ ደብተራችሁን ይዛችሁ ግቡ፤ ስትናገሩም ከእሱ እያነበባችሁ ተናገሩ።